ኮምፒውተሬ ባዶ የሆነበት ቅዳሜ

አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ በውትድርና ወደ ጅጅጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እናቴ ስትታመም ታናናሾቼን ማሳደግ በእኔ ላይ ወደቀ። እነሱ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ በር ላይ ቆሜ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እቆልፍላቸው ነበር። የመጨረሻው ታናሼ ሥራ ሲይዝ እኔ ፊደል ለመቁጠር ማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ከዚያ በኋላ ግን አላቆምኩም። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ ቅዳሜና እሑድ እየተማርኩ ለዲግሪ ደረስኩ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብኝ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የቀረኝም አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥብቅ ሴት ናት ይሉኛል። ማኅተሙ ፊርማውን የነካ ደብዳቤ እመልሳለሁ፤ ቀኑ የተሰረዘ ደብዳቤም እመልሳለሁ። "ለአስናቀች ደብዳቤ ከማስረከብ ጥርስ ማስነቀል ይሻላል" ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። ጥብቅነቴ ግን ሌላ ነገርም ይሸፍን ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው "አላውቅም" ማለት ይከብደዋል። አንዴ ካለ ሰዎች "ድሮስ ብለን ነበር" የሚሉት ይመስለዋል። ስለዚህ ሰው አልጠይቅም ነበር። መጽሐፍ እገዛለሁ፤ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ፤ እስኪገባኝ ድረስ ለብቻዬ እቀመጣለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌ እንደኔ ካደጉ በኋላ ማንበብ ስለተማሩ ሴቶች ነበር። ከጅጅጋ፣ ከባቢሌና ከአውበሬ የመጡ ሴቶችን እየፈለግኩ አነጋገርኳቸው። በስልኬ ልቀዳቸው ስጠይቅ ብዙዎቹ አንድ ቃል አስገቡኝ፤ "ድምፄን ጽፈሽ ስትጨርሺ አጥፊው፤ የሴት ድምፅ በሰው ስልክ ውስጥ አይቀመጥም" አሉ። ቃል ገባሁ። ቃሌንም ጠበቅኩ። የተናገሩትን በኮምፒውተሬ ከጻፍኩ በኋላ ወደየቤታቸው ተመልሼ አነበብኩላቸው፤ ከዚያም ዓይናቸው እያየ ድምፃቸውን ከስልኬ አጠፋሁ። የደብተሮቻቸውን ገጾች ፎቶ አንስቼም ከጽሑፉ ጋር በአንድ ማህደር አስቀመጥኩ።

በሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረኝም። "ፍላሽ ላይስ?" ትሉኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ጽሑፍ ቤት ያሳተምኩበት ፍላሽ ቫይረስ ይዞብኝ መጥቶ ሁለት ቀን አሠቃይቶኛል። ከዚያ በኋላ ሰው የነካው ፍላሽ ወደ ኮምፒውተሬ እንዳይገባ ከለከልኩ። በኢሜይል እንዳልልክ ደግሞ ፎቶዎቹ ከባድ ነበሩ። አማካሪዬ በወረቀት ያዩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነው። ንጽሕናዬን ስጠብቅ ሥራዬን በሙሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ዘግቼበት ነበር።

ጽሑፉ ታትሞና ተጠርዞ የሚገባው በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ያ ካመለጠ ቀጣዩ ዓመት ይጠበቃል። አርባ አምስት ዓመት ለሞላት ሰው አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

ታዲያ አራት ቀን ሲቀረኝ ሲስተሙን ለምን ነካሁት?

ምክንያቱ ሙያዬ ነው። ለሳምንታት ስጽፍ በመሀል አንድ ማሳሰቢያ ብቅ ይል ነበር፦ ይህ ሲስተም ከዚህ ቀን በኋላ ጥበቃ አይደረግለትም፤ ወደ አዲሱ ያሻሽሉ። ሌላ ሰው "በኋላ" የሚለውን ተጭኖ ይገላገላል። እኔ ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን ተቆርጦበት የመጣ ጽሑፍ ለእኔ ከበላይ የተላለፈ ሰርኩላር ነው። መልስ ሳይሰጠው ሲያድር ያሳክከኛል። ሐሙስ የወሩን የኢንተርኔት ጥቅሌን በሙሉ ለማውረጃ ሰጠሁት። ዓርብ ከሥራ ስመለስ መመሪያውን መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። በኮምፒውተሩ ያለውን ሁሉ በደብተሬ መዘገብኩ፦ የሲስተሙን ስም፣ የዲስኩን መጠን፣ ምን ያህሉ እንደተያዘ፣ ምን ያህሉ ባዶ እንደሆነ። ከዚያ "ቀጥል" አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራው አልቆ ነበር። የይለፍ ቃሌን ሳስገባ በጥግ በኩል አንድ ትንሽ መልእክት ብቅ አለ፤ አዲስ ሲስተም ራሱን የሚያስተዋውቅበት መስሎኝ ዘጋሁት።

ከዚያ ዴስክቶፑን አየሁት።

ባዶ ነው። ከቆሻሻ መጣያው ምስል በቀር አንድም ነገር የለም። የሰነድ ማህደሬን ከፈትኩ፤ ባዶ። ፎቶ፤ ባዶ። የአማርኛ መጻፊያው ከታች የለም። ማተሚያው እንደማያውቀኝ ሆነ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። አራት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። በአራተኛው ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ወንበሩን ያዝኩ።

ቶሎ ወደ አእምሮዬ የመጣችው ፋዱማ ናት። የአውበሬ ሴት ነበረች። ለምን ማንበብ እንደተማረች ስጠይቃት፣ "ወረቀት በመጣ ቁጥር አውራ ጣቴን ቀለም ይነክሩታል። ለሦስት ቀን ሊጥ ስነካ እጸየፋለሁ። ስሜን ከጻፍኩ ግን እጄ ንጹሕ ነው" ብላኝ ነበር። ፋዱማ በመጋቢት አረፈች። ድምፅዋን እኔው አጥፍቻለሁ። ጽሑፉ ከጠፋ ያን ነገር ዳግም ከማንም አልሰማውም።

የኮምፒውተሩን ሳጥን ነቅዬ በነጠላ ጠቀለልኩና በባጃጅ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ያሲን ሱቅ ሄድኩ። ያሲን ትሑትና ፈጣን ሰው ነው። ሰካው፤ አየ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ከፈተ።

"እትዬ፣ ማሻሻሉ ተበላሽቷል። ፎርማት አድርጌ አዲስ እጭንልሻለሁ፤ ለዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል።"

"ፋይሌስ?"

"የቱ ፋይል? የለም እኮ። ራስሽ አይተሽዋል።"

"ፎርማት ካደረግከው ምን ይሆናል?"

"ምን ይሆናል፣ ንጹሕ ይሆናል።"

እኔን በንጽሕና ማባበል ቀላል ነው። እሺ ልለው ነበር። ልማዴ ግን አልለቀቀኝም፤ ምን ሊያደርግ እንደሆነ በወረቀት ጽፎ እንዲፈርምልኝ ጠየቅኩት። ሳቀ።

"እትዬ አስናቀች፣ እዚህ ሁሉም ሰው 'ጨርሰህ ደውልልኝ' ብሎ ነው የሚሄደው።"

"ያልተጻፈ ነገር ትቼ አልሄድም።"

"ሌላ ቦታ ብትወስጂውም የሚሉሽ ይህንኑ ነው" አለ፤ በክፋት አልነበረም። ሳጥኑን መልሶ ባጃጁ ድረስ ተሸከመልኝ።

ሠፈር ስደርስ አደር ሮብሌ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሠፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። በባቡሩ ዘመን በአዲጋላ የባቡር ጣቢያ የመስመር ስልክ ጠጋኝ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰው ሁሉ ኤዶ፣ አክስት፣ ከሚላት ከባለቤታቸው ከሐሊማ ጋር ከአጥሬ ማዶ ይኖራሉ። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ስንሆን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተባብለን አናውቅም። ይህም የእኔ ጥፋት ነው።

"አስኔ፣ ምን ታቅፈሽ ነው? ሕፃን ነው?" አሉኝ።

"ኮምፒውተር ነው፣ አደር። ተበላሽቷል።" ልለፍ ስል እግሬ አልሄድ አለ። "ሥራዬ በሙሉ ውስጡ ነበር። ጠፋ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይኔን አይተው ይመስለኛል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ጠፋ ያለው ማነው?"

"ጠጋኙ። እኔም አየሁት።"

"ምኑን አየሽ? መጥፋቱን ወይስ አለመታየቱን?"

ሳጥኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

"ኮምፒውተር አላውቅም" አሉ ቀስ ብለው እየተነሡ። "ብልሽት ግን አውቃለሁ። ሐሊማ፣ ነይ፤ እነአስኔ ቤት ልንቀመጥ ነው።"

ኤዶ ሐሊማ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። "ኦዳዩ ዛሬ ባቡር አገኘ" አለች፤ ሽማግሌው ማለቷ ነው። "እንግዲህ እስከ ማታ አይለቅሽም፣ አባዮ፣ እህቴ። ምሳ በልተሻል?"

አልበላሁም ነበር። እሷ ያመጣችውን ሩዝ ፊቴ አስቀመጠችና ምንጣፍ ላይ ጋደም አለች። አደር ሮብሌ ከጀርባዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሳጥኑን ሰካሁ፤ ወዲያው ወደ ቅንብሩ ገብቼ አንድ ነገር ለመቀየር እጄን ስዘረጋ በዘንጋቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

"ሀዬ፣ በቃ፣ እጅሽን አቁሚ። ብልሽት እየተፈለገ ማንም ምንም አይጠግንም። ይህ የመጀመሪያው ደንብ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲጋላ ወደ ድሬዳዋ ስልኩ ሞተ። አብሮኝ የነበረው ሰው ቸኩሎ ደህናውን ሽቦ ቆረጠው። ከዚያ ሁለት ብልሽት ሆነብን፤ አንዱ ከነፋሱ፣ አንዱ ከእሱ።"

"እሱ ነፋሱ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ" አለች ኤዶ ሐሊማ ከምንጣፏ ላይ።

"አደረገ። እኔ ግን ሪፖርቱን አልፈረምኩም።"

ይህን ሲሉ ልቤ ወደዳቸው።

የማይሠራውን ሁሉ አስጻፉኝ። ፋይል የለም፤ የአማርኛ መጻፊያ የለም፤ ማተሚያ አይታዘዝም። "አንቺ ይህን አንድ ሞት አድርገሽ ነው የምታለቅሺው" አሉ። "ሦስት ነገር ነው። ሁለቱ ሞተው አንዱ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ማተሚያውንና መጻፊያውን ተያቸው፤ እነሱ ሰኞም ይገኛሉ። አሁን የሚሠራውን ጻፊ።"

"የሚሠራውን?"

"መስመሩ እስከየት እንደሚሠራ ሳታውቂ የት እንደተቆረጠ እንዴት ታውቂያለሽ?"

ጻፍኩ። ይበራል። የይለፍ ቃሌን ይቀበላል። ኢንተርኔቱ አለ። ሰዓቱ ትክክል ነው።

"ሲከፈት መጀመሪያ ምን አለሽ?"

ፊቴ ጋለ። "ጥግ ላይ አንድ መልእክት ነበረ። ሳላነበው ዘጋሁት።"

ኤዶ ሐሊማ ቀና አለች። "አንቺ? ደብዳቤ የምትመልሺው አስናቀች?"

"እኔው ነኝ፣ ኤዶ።"

"ወላሂ ዛሬ ደስ አለኝ" ብላ ተመልሳ ጋደም አለች። ሳልፈልግ ሳቅኩ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበር።

አጥፍቼ አበራሁት። መልእክቱ መጣ። በዚህ ጊዜ ቃል በቃል፣ በመዝገበ ቃላት፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ ወደ ራስዎ አካውንት መግባት አልቻልንም፤ በጊዜያዊ አካውንት ገብተዋል፤ እዚህ የሚሠሩት ሁሉ ሲወጡ ይሰረዛል።

"በሰው ቤት ነሽ ማለት ነው" አሉ አደር ሮብሌ። "እቃሽን እየፈለግሽ ያለሽው በእንግዳ ክፍል ውስጥ ነው። የራስሽ ክፍል ግን ፈርሶ እንደሆነ አላወቅንም። ሚዛን አለሽ?"

"የምን ሚዛን?"

እያንዳንዱ ፉርጎ ሲነሣ የያዘው ክብደት ይጻፍ እንደነበር አስረዱኝ። ሲደርስ ደግሞ እንደገና ይመዘናል። እቃ ጠፋ ሲባል ከሰው ጋር ከመጨቃጨቅ በፊት ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዓርቡን ደብተሬን አወጣሁ። አደር ሮብሌ ገጹን አይተው ለሚስታቸው አንድ ነገር በሶማሊኛ አሏት።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"'አዲጋላ ይህችን ሴት ቢያገኝ ኖሮ' ነው የሚለው" አለች።

የዲስኩን መጠን አየሁ። የተያዘው ቦታ ከዓርቡ አልቀነሰም፤ ጨምሯል። አዲሱ ሲስተም ራሱ ስለገባበት መጨመሩ ይገባል። አደር ሮብሌ ግን በዚያ አልረኩም። እያንዳንዱን ማህደር ለየብቻው እንድመዝንና እንድደምር አዘዙኝ። አንድ በአንድ ክብደቱን አየሁ፤ ጻፍኩ፤ ደመርኩ፤ እንደገና ደመርኩ። ድምሩ ኮምፒውተሩ ተይዟል ከሚለው በአሥራ አንድ ጊጋባይት ያንሳል። የእኔ ማህደር ወደ ዘጠኝ የሚጠጋ ነበር።

"ባቡሩ ከፉርጎዎቹ ድምር ከከበደ" አሉ፣ "አንድ ያልመዘንሽው ፉርጎ አለ። ማረጋገጫ አይደለም። ግን ተስፋ ነው።"

የተጠቃሚዎች ስም የተቀመጠበትን ቦታ ከፈትኩ። ሦስት ማህደር አለ። አንዱ የጋራ፣ አንዱ "ጊዜያዊ" የሚል፣ አንዱ የእኔ ስም ያለበት። በእኔ ስም ባለው ላይ ክብደቱን አየሁ፦ ዜሮ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት። "ባዶ ነው፣ አደር።"

"ማን አለ?"

"ይኸው፤ ዜሮ ይላል።"

"ዜሮ ያለሽ በሩን ከፍተሽ ገብተሽ ነው ወይስ ከውጭ ሆነሽ?"

"ከውጭ።"

"የተቆለፈ ፉርጎን ከውጭ አይተው ባዶ ነው ያሉ ሰዎች ነበሩ" አሉ። "ክፈቺው።"

ሁለት ጊዜ ተጫንኩት። አንድ መስኮት መጣ፦ ይህን ማህደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም፤ ለዘለቄታው ፈቃድ ለማግኘት "ቀጥል" የሚለውን ይጫኑ። እጄን አነሣሁ።

"ይህ ማየት ነው ወይስ መጠገን?" ብለው ጠየቁኝ።

መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "ፈቃዱን ይቀይራል። ውስጡን ግን የሚነካ አይመስለኝም።"

"አይመስለኝም ወይስ አይነካም?"

"አይነካም። የተጻፈው ስለ በሩ ነው፤ ስለ እቃው አይደለም።"

"እንግዲህ እዚህ ላይ እኔ አላውቅም" አሉ። እንዲህ ቀለል አድርገው። የሰባ ምናምን ዓመት ሰው፣ ግማሽ ቀን ሲመሩኝ የዋሉ፣ "አላውቅም" አሉ፤ ክብራቸው ቅንጣት አልጎደለም። "ማንበብ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ወስኚ።"

ተጫንኩት።

ከላይ አረንጓዴ መስመር መጓዝ ጀመረ። ግማሽ ላይ ደርሶ ቆመ። ኤዶ ሐሊማ ተነሥታ ከጀርባዬ መጥታ ቆማለች፤ እጇ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ያወቅኩት በኋላ ነው። መስመሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ጨረሰ፤ ጠፋ።

ሰነዶች። ፎቶዎች። ዴስክቶፕ። የጥናቱ ማህደር። ምዕራፍ አራት ያልኩትን ፋይል ከፈትኩ፤ ወደ መሀል ወረድኩ። "ስሜን ከጻፍኩ ግን እጄ ንጹሕ ነው።"

"ተመስገን" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ኤዶ ሐሊማ። "ምንድነው የሚለው? አንብቢልኝ።"

"ቆይ፣ ሐሊማ" አሉ አደር ሮብሌ። "የተገኘ እቃ ወዲያው ወደ ሁለተኛ ቦታ ይወሰዳል። አስኔ፣ የት ትገለብጪዋለሽ?"

ሰው የነካው ፍላሽ እንዳይገባ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ የራሴ የምለውም አልነበረኝ። ኤዶ ሐሊማ ወጣችና ቴሌቪዥኗ ላይ የሃይማኖት ትምህርት የምታዳምጥበትን ፍላሽ ይዛ ተመለሰች።

"ሸይኹን ግን እንዳታጠፊብኝ" አለች። "ቦታ ካለው ከጎናቸው አስቀምጪው።"

ቫይረስ ቢኖርበትስ ብዬ አንድ ጊዜ አሰብኩ። ከዚያ የሴትዮዋን እጅ አየሁና አፈርኩ። የቫይረስ መፈተሻውን አስነሥቼ ፍላሹን መረመርኩት፤ ምንም የለበትም። ከእኔው ይልቅ ንጹሕ ነበር።

መገልበጥ ስጀምር መብራት ጠፋ። የመብራት መጠባበቂያዬ መጮህ ጀመረ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ደግሞ አርባ ደቂቃ ይቀረኛል ይላል።

"በአንድ ጊዜ ሁሉንም ነው የጫንሽው?" አሉ አደር ሮብሌ።

"አዎ።"

"አስቁሚው። ባቡሩ ሁሉን መውሰድ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚያልፈው ፖስታው ነው።"

ገባኝ። አቆምኩት። ፎቶዎቹን ትቼ የጽሑፉን ፋይሎች ብቻ መረጥኩ። ጽሑፍ ቀላል ነው፤ የስንት ሴት ዕድሜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተሻገረ። ፍላሹን በሥርዓቱ አስወጣሁ፤ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ዘጋሁ። መጠባበቂያው አሁንም ይጮኻል። ከዚያ በስልኬ ብርሃን ሳይሆን በመስኮቱ ብርሃን፣ ከትዝታዬ፣ ፋዱማ ያለችውን ለኤዶ ሐሊማ ነገርኳት። አውራ ጣቷን አየት አደረገችው።

መብራት ከመምሸቱ በፊት መጣ፤ ፎቶዎቹንም ገለበጥኩ። እሑድ አዲስ አካውንት ከፍቼ ሁሉንም ወደዚያ አዛወርኩ። የአማርኛ መጻፊያውን ከቋንቋ ምርጫው ውስጥ ጨመርኩ። ማተሚያው የራሱን ፕሮግራም እንደገና እንድጭንለት ብቻ ነበር የፈለገው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካሁም። ሰኞ አተምኩ፤ አስጠረዝኩ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ አስረከብኩ፤ ሁለት ሰዓት ተርፎኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠገን ላስተምራችሁ አይደለም። ሥራችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ይህን የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት ሌላ ነው። ከዚያ ቅዳሜ በፊት አለማወቄን ሰው እንዳያይብኝ ስል ስንቱን ዓመት ለብቻዬ ተቀምጬ እንዳሳለፍኩ አሁን ነው የማስበው። አሥራ አንድ ዓመት ከአጥሬ ማዶ፣ ጉድለትን እንዴት መፈለግ እንደሚቻል ዕድሜውን ሙሉ ያጠና ሰው ተቀምጦ ነበር። እኔ ደግሞ መጽሐፍ እየገዛሁ ነበር። መጽሐፍ መግዛቴን አልተውኩም። አሁን ግን መሥሪያ ቤት ውስጥ "ይህን አላውቀውም፤ አሳየኝ" እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ያልኩት ሰው ሌላ አስናቀች የመጣች መስሎት ዞር ብሎ ከኋላዬ አየ።

ወደ ያሲንም ሱቅ ሄጄ የሆነውን ነገርኩት። ሊከራከረኝ ይችል ነበር። እሱ ግን ወንበር ሰጠኝና ከመጀመሪያው አስነገረኝ፤ ክብደቱ ዜሮ ይላል ያልኩበት ላይ ሲደርስ ራሱን ያዘ። አሁን ሰው "ጠፋብኝ" ብሎ ሲመጣ ፎርማት ከማለቱ በፊት የተጠቃሚዎቹን ማህደር እንደሚከፍት ነግሮኛል። አመሰግነዋለሁ፤ ያን ቀን ሳቀብኝ እንጂ አላስገደደኝም።

ጽሑፉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የመጣብኝ፤ እሱም ከምስጋና ገጹ። አማካሪዬ ጠሩኝ።

"አቶ ሮብሌ የሚባሉት ከየትኛው የትምህርት ክፍል ናቸው?"

"የትምህርት ክፍል የላቸውም። በምድር ባቡር የመስመር ስልክ ጠጋኝ ነበሩ።"

"ለጥናቱ ምን አስተዋጽኦ አደረጉ ልንል ነው?"

"ጥናቱን አገኙት" አልኩ።

አማካሪዬ ትንሽ አዩኝና ገጹን እንደነበረ ተዉት።

የተጠረዘውን ቅጂ ለአደር ሮብሌ ይዤ የሄድኩት የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መነጽራቸውን አድርገው የምስጋናውን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አማርኛ ሲያነቡ ዝግ ይላሉ። ኤዶ ሐሊማ "ምን ይላል? ምን ይላል?" እያለች ትከሻቸው ላይ አጎንብሳለች። ስማቸው ላይ ቆሙ። ከዚያ አለፉ። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ ደስታቸውን እጠብቃለሁ።

"በምድር ባቡር ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገሉ ይላል" አሉ።

"አዎ፣ አደር።"

"ሃያ ዘጠኝ ነው።"

ክው አልኩ። የቀን ስህተት ያለበትን ደብዳቤ ስንቱን መልሻለሁ።

"ይህን ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ከወሬ ሰምቼ ነው።"

"ሳትጠይቂኝ ጻፍሽው" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበረ። ኤዶ ሐሊማ ግን ከልቧ ሳቀች፤ ሻሿ እስኪወርድ።

ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶ አወጣሁ። ሰባቱን በአንድ መስመር ሰርዤ ዘጠኝ ጻፍኩ፤ እንደ መዝገብ ቤት ደንብ ከጎኑ ፈረምኩበት። ከዚያ በራቸው ላይ፣ ከወንበራቸው ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"አደር፣ ሌላስ የማላውቀው ምን አለ?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። "የት ልጀምርልሽ?" አሉ።